ስቀጠር፣ ሰው ስመለምልና ልለቅ ስል ያየሁት

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የአንድ ሪጅናል አየር መንገድ የፓይለት ሥራ ማስታወቂያ ነው። ደማቅ የዶላር ቁጥር አለው፤ ከስሩ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ፓይለት ፈገግ ብላለች። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር የምር ነው? ሥራዬን ትቼ ልግባበት?" ይላል። ልጁ 24 ዓመቱ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ፎቶውን አተኩሬ ሳየው የ2022፣ ፓይለት ጠፍቶ ቀጣሪዎች የሚሻሙበት ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ቴሌግራም ላይ መቼም የሚሞት ነገር የለም።

ደወልኩለትና አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን። እንደሱ የሚጠይቁኝ ስለበዙ ያልኩትን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የበረራ ሰዓቴን የምመዘግብበት ሎግቡኬም እንደዛው ስለሆነ። በፓይለትነት የምሠራበትን ሪጅናል ስም ግን አልጠራም። እዚያው ነኝ፤ እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ሪጅናል የሚባለው ነገር ይግባን። ከዋሽንግተን ተነስታችሁ ወደ ሮአኖክ ወይም ወደ ቻርለስተን በትንሽ ጄት ከሄዳችሁ፣ በሪጅናል ነው የሄዳችሁት። አውሮፕላኑ የዩናይትድ ወይም የአሜሪካን አየር መንገድን ቀለም ተቀብቷል። ቲኬቱን የሸጠላችሁም ትልቁ አየር መንገድ ነው። ፓይለቶቹና አስተናጋጆቹ ግን የሌላ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። የወንበሩ ብዛት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 76 ነው። ለምን 76 ላይ ቆመ ብትሉ፣ የትልልቆቹ ፓይለቶች ዩኒየን "ከዚህ የሚበልጥ አውሮፕላን ለሌላ ድርጅት አሳልፋችሁ አትሰጡብንም" ብሎ በኮንትራት ስላሰረው ነው።

እና ሪጅናል ለብዙ ሰው መሸጋገሪያ ነው። ሰው የሚገባው ለመውጣት ነው። ቀጣሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለመፈረም የሚሰጠው ቦነስም፣ ኮንትራቱም፣ ተስፋውም ከዚህ ነው የሚመነጨው።

የፓይለት እጥረቱ ከየት መጣ? በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ2009፣ ፌብሩዋሪ 12 ማታ፣ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ የሚበር የሪጅናል አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ቤት ላይ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ተጉዛ ነበር ወደ ሥራ የመጣችው። የሟች ቤተሰቦች ዋሽንግተንን እየተመላለሱ አላስቀምጥ አሉ። በ2010 ሕግ ወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው 250 ሰዓት ካበረረ በረዳት አብራሪነት ሊቀጠር ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ 1,500 ሰዓት ሆነ። ከጦር ኃይል ለመጣ 750፣ በታወቀ ትምህርት ቤት የአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1,000፣ የሁለት ዓመቱን ለጨረሰ 1,250።

ሁለቱም የቡፋሎ አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። "ታዲያ ሕጉ ምን ፈየደ?" የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ቀጣሪዎቹ። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ሁለት ዓመቴን በልቶብኛል፤ ግን በእነዚያ ዓመታት የተማርኩትን ነገር የትኛውም ሲሙሌተር፣ ማለትም ምድር ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ፣ አያስተምረኝም ነበር።

በላዩ ላይ ደግሞ ጡረታ አለ። የአየር መንገድ ፓይለት 65 ዓመት የሞላው ዕለት፣ ጤናው እንደ ብረት ቢሆን እንኳ፣ ይወርዳል። በ2024 ወደ 67 ከፍ ይደረግ የሚል ሐሳብ ኮንግረስ ውስጥ ተነስቶ ነበር፤ አላለፈም። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ትልልቆቹ ብዙ ሽማግሌ ፓይለቶቻቸውን ገንዘብ ሰጥተው በጊዜ ሸኙ። ተሳፋሪው ባንዴ ሲመለስ ጉድ ፈላ። የጎደለውን ከየት ይሙሉት? ከእኛ ነዋ።

የራሴን ልንገራችሁ። በ2015 ማታ ማታ ኤርፖርት ውስጥ የፓርኪንግ ሥራ እሠራ ነበር። ኤርፖርት የሠራ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ፓርኪንጉም፣ ታክሲውም፣ ዊልቼሩም የእኛ ሰው ነው። ቀን ቀን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ትንሽ ኤርፖርት በሴስና፣ በትንሿ የመለማመጃ አውሮፕላን፣ መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ላይሰንስ የከፈልኩት በእቁብ ነው። ዕጣዬ በሦስተኛው ወር ወጣ። ጸሐፊውን አሁንም ባየሁት ቁጥር አመሰግነዋለሁ። የቀረውን ከባንክ ተበደርኩ፤ አጎቴ ዋስ ሆነልኝ። ዛሬ ከዜሮ ተነስቶ አስተማሪ እስከመሆን ድረስ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ከ100,000 ዶላር በላይ ነው የሚጠይቁት። ዋስ የምታደርጉትን ሰው ፊቱን እያያችሁ ንገሩት። ትምህርቱን ብትወድቁም፣ ጤናችሁ ቢታወክም ዕዳው አይቆምም።

ላይሰንሶቼን ከጨረስኩ በኋላ እዚያው አስተማሪ ሆንኩ። 1,500 ሰዓት የሚሞላው በዋናነት እንደዚህ ነው፤ ሌላውን እያስተማሩ። ክፍያው በተበረረበት ሰዓት ነው። ዝናብ ከሆነ የለም። ተማሪ ከቀረ የለም። አንድ ጥር ላይ ለሁለት ሳምንት ደመና አልገለጥ ብሎ የቤት ኪራይ ከእህቴ ተበድሬ ከፍያለሁ።

900 ሰዓት ገደማ ሲኖረኝ መልማዮቹ መጡ። ፒዛ ይዘው ነው የሚመጡት። ፒዛ፣ እስክሪብቶ፣ የአንገት ገመድ። የተራበ አስተማሪ እንዴት እንደሚማረክ ያውቁታል። የመጣው ሰው ራሱ ካፒቴን ነበር፤ ጨዋ ሰው፤ ቀልደኛ። "አሁን ፈርም፤ ሰዓትህ ሲሞላ ኢንተርቪው የለም፣ ቀጥታ የአዲስ ቅጥረኞች ሥልጠና ክላስ ትገባለህ። ቦነሱ በሦስት ጊዜ ይከፈልሃል። ከዚያ ወደ ትልቁ አየር መንገድ ተራህን ጠብቀህ ታልፋለህ" አለን። ፈረምኩ። ኮንትራቱን ሳላነብ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ለአንድ ስልክ ኮንትራት ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሰው፣ ለሁለት ዓመት የሚያስረኝን ወረቀት በፒዛ እጄ ፈረምኩ።

ገጽ አራት ላይ እንዲህ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅህ ቦነሱን በሙሉ ትመልሳለህ። በሙሉ ማለት ታክስ ሳይቆረጥ የነበረውን ነው። እጃችሁ የገባው ግን ታክስ የተቆረጠለት ነው። አብሮኝ የገባ አንድ ልጅ ለቤተሰብ ችግር ሥራውን በአሥራ ስምንተኛው ወር ለቀቀ። ያልበላውን ገንዘብ ጭምር ነው የከፈለው። በኋላ ከታክስ መሥሪያ ቤት ማስመለስ ይቻል ነበር ተባለ፤ ግን እስከዚያ ድረስ በክሬዲት ካርድ ነው የኖረው።

በ2019 ክላስ ገባሁ። ትምህርቱን ራሱ ድርጅቱ ነው የሚከፍለው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻውን ላይሰንስ ፈተና ለመውሰድ የግድ የሆነ ኮርስ አለ፤ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ሲሙሌተር። በግል ብትከፍሉት ወገብ ይቆርጣል። ሆቴልም ይሰጣሉ። ግን ሲሙሌተሩ ቀልድ የለውም። ከእኛ ክላስ ሁሉም አላለፈም። መዝገብ ላይ የተጻፈ ውድቀት ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ያየዋል። ስለዚህ ትምህርት ላይ እያላችሁ ሌላ ሥራ፣ ሠርግ፣ ቤት መቀየር አትጨምሩበት።

አሁን ስለ ተራ ላውራ፤ ዋናው እሱ ነው። ኤርፖርት ታክሲ የነዳችሁ ቶሎ ይገባችኋል። መኪናህ ቢያምር፣ እንግሊዝኛህ ቢጥም፣ ተራህ ካልደረሰ አትጭንም። አየር መንገድም እንዲሁ ነው። የገባህበት ቀን ቁጥር ይሰጥሃል። ሲኒየሪቲ ይሉታል። ከየት ከተማ እንደምትነሳ፣ ገናን ቤትህ እንደምትውል፣ ካፒቴን መቼ እንደምትሆን የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። በአንድ ክላስ ውስጥ ያለነውን ደግሞ እኛ ድርጅት በዕድሜ ነው የደረደሩን። ከእኔ የሚበልጡ 11 ሰዎች ነበሩ። እኔ ዋሽንግተንን ፈልጌ ሌላ ክፍለ ግዛት ደረሰኝ።

ያ ማለት ወደ ሥራ ቦታ ለመድረስ ራሱ መብረር አለብህ ማለት ነው። በነጻ ነው፤ ቦታ ካለ። ቦታ ከሌለ ቀጣዩን ትጠብቃለህ። የሚከፈልህ ነገር የለም። እዚያ ደርሰህ የምታድርበት ቤት ክራሽ ፓድ ይባላል፤ እኔ የነበርኩበት ስምንት አልጋ ነበረው፤ ተደራራቢ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። ጀማሪ ስለሆንክ ደግሞ ፕሮግራም የለህም፤ ሪዘርቭ ነህ። ስልክ ሲደወል በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለብህ። አንዳንድ ቀን አይደወልም። ዩኒፎርምህን ተኩሰህ ጣሪያ እያየህ ትውላለህ።

ስለ ክፍያ ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያው ላይ "በሰዓት 90 ዶላር" የሚለውን አይቶ በስልኩ ሒሳብ ሠርቷል። 90 ሲባዛ በ40፣ ሲባዛ በ52፤ 187,200 ዶላር። "ጋሼ ሀብታም ነህ ማለት ነው!" አለኝ። እንደዛ አይደለም የሚሰላው። የሚከፈለው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ኤርፖርት ውስጥ በበረዶ ምክንያት አራት ሰዓት ብትቀመጥ፣ በሰዓት ሁለት ዶላር ገደማ የምግብ አበል ካልሆነ በስተቀር አይታሰብልህም። ቢያንስ ግን በወር 75 ሰዓት ገደማ ዋስትና አለ። ስለዚህ 90 ሲባዛ በ75፣ ሲባዛ በ12 ነው። 81,000 ዶላር። መጥፎ አይደለም። ግን 187 ሺህ አይደለም። እኔ ስገባ በሰዓት 40 ዶላር ገደማ ነበር፤ አስሉት። ከእኔ በፊት የነበሩት፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ዶላር ነው የጀመሩት። አንድ ካፒቴን ያኔ ሱፐርማርኬት ቢሠራ ይሻለው እንደነበር እየሳቀ ያወራል። ሳቁ ግን ከልቡ አይመስለኝም።

በ2020 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለ76 ሰው በተሠራ ጄት ሁለት ሰው ይዤ በርሬያለሁ። የመባረር ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰን። የመንግሥት ድጎማ አተረፈን እንጂ። ሁሉም አልተረፈም። ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ የሚባሉት ሪጅናሎች በዚያው የጸደይ ወቅት ተዘጉ፤ ኤክስፕረስጄት ደግሞ በሴፕቴምበር መጨረሻ። ከተዘጉት የመጣ አንድ ሽማግሌ ካፒቴን በኋላ እኛ ድርጅት አዲስ ክላስ ውስጥ አየሁት። በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ያለው ሰው፣ የልጁ እኩያ ከሆኑት ጋር መጨረሻ ተራ ላይ ተሰለፈ። ተራ ከድርጅት ወደ ድርጅት አይሻገርም። ከዚያ ወዲህ የድርጅትን ጤንነት ከቦነሱ በፊት ነው የማየው። ስንት አውሮፕላን አለው? ከማን ጋር ነው ኮንትራቱ? መቼ ያልቃል? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ 2022 መጣ። በየሳምንቱ የሽኝት ኬክ መብላት ሰለቸን። ካፒቴኖቹ ወደ ትልልቆቹ ጎረፉ። ብዙ ሰው ያልገባው ነገር አለ፤ ያኔ እኛ ቤት የጠፋው ረዳት አብራሪ አልነበረም፤ ካፒቴን ነው። ካፒቴን ለመሆን በአየር መንገድ ሥራ ላይ ቢያንስ 1,000 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። እሱን በገንዘብ ማፍጠን አይቻልም። ካፒቴን ከሌለ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ አውሮፕላኑ ካልተነሳ ረዳቱ ሰዓት አያገኝም፤ ሰዓት ካላገኘ ካፒቴን አይሆንም። አስተማሪዎቹና ፈታኞቹም እየለቀቁ ነበር። ክላስ ጨርሶ ሲሙሌተር የሚጠብቅ ሰው ሆቴል ውስጥ ወራት ቆጠረ።

የዚያን ጊዜ ትንንሽ ከተሞች ተጎዱ። ስካይዌስት የሚባለው ሪጅናል በማርች 2022 በመንግሥት ድጎማ ከሚበርባቸው 29 ከተሞች ልውጣ ብሎ አመለከተ፤ ምክንያቱን በግልጽ ጻፈ፤ ፓይለት የለኝም አለ። ሪፐብሊክ የሚባለው ሌላ ሪጅናል ደግሞ በራሱ ትምህርት ቤት ያስተማራቸውን እንደ ጦር ኃይሉ በ750 ሰዓት ልቅጠር ብሎ ጠየቀ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ እምቢ አለ።

ገንዘብ ያኔ ነው የመጣው። በጁን 2022 የአሜሪካን አየር መንገድ ንብረት የሆኑት ሦስቱ ሪጅናሎች፣ ፒድሞንት፣ ኤንቮይና ፒኤስኤ፣ የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ ወደ 90 ዶላር አወጡት። ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍል እስከ ኦገስት 2024 ብቻ የሚቆይ ጭማሪ ነበር። ሌሎቹም ተከትለው ጨመሩ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሳይጨምር አይውልም፤ ሰው በማግስቱ ነው የሚያመለክተው።

ልክ በዚያ ሰሞን እኔም ካፒቴን ሆንኩ። አለቃዬ ጠራኝና "ትምህርት ቤቶች ላይ ወክለኸን ሂድ" አለኝ። አሁን ፒዛውን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከበረራ ጎን ለጎን ሰው መለመልኩ። ብዙ አስተማረኝ። ከውስጥ ሲታይ ቦነስ ለድርጅቱ ርካሽ ነገር ነው። አንዴ ይከፈላል፤ አለቀ። የሰዓት ክፍያ ግን አንዴ ከወጣ አይወርድም፤ ዩኒየኑ አያወርደውም። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ ቦነሱ ትልቅ፣ የሰዓቱ ክፍያ ትንሽ ሆኖ ከተጻፈ፣ ድርጅቱ ችግሩ ቶሎ ያልፋል ብሎ እያሰበ ነው። የሰዓቱ ክፍያ ራሱ በቋሚ ኮንትራት ከወጣ ግን የምሩን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሰው የሚለቀው ለገንዘብ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የሚለቁትን "ምን ቢደረግልህ ትቀር ነበር?" ብዬ እጠይቅ ነበር። በስብሰባ ላይ "ደመወዝ" ይላሉ። ቡና ላይ ሲሆን ሌላ ነው። አንዱ ልጁ መሄድ ስትጀምር ክራሽ ፓድ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ነው ያየው። ሌላዋ ከሥራ ወደ ቤቷ ለመሄድ በአንድ ወር ስድስት ቀን ጠፍቶባታል። ድርጅቱ ብዙ ፓይለት በሚኖርበት ከተማ ቤዝ፣ ማለትም ፓይለቶች ሥራቸውን የሚጀምሩበት ጣቢያ፣ ሲከፍት ግን የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሊለቁ ወረቀት ያስገቡ ሰዎች ወረቀታቸውን መልሰው ወሰዱ። ያ ቤዝ ለድርጅቱ ከቦነሱ ሁሉ የረከሰ ይመስለኛል። ሒሳብ ክፍሉን አትጠይቁኝ እንጂ።

እኛ ቤት አንድ ካፒቴን አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ። ትልልቆቹ ቢጠሩት አልሄደም። በቤዙ ተራው ዘጠነኛ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። "እዚያ ብሄድ ደመወዜ በእጥፍ ያድጋል፤ አልጋዬ ግን እንደገና ክራሽ ፓድ ይሆናል" አለኝ። አልገባኝም ነበር ያኔ።

ከአዲስ አበባና ከገልፍ የሚደውሉ ፓይለቶችም ነበሩ። "እጥረት አለ ይባላል፤ እንምጣ?" ይላሉ። እዚህ ላይ ሰውን በባዶ ተስፋ ማንከራተት ኃጢአት ነው። አንዳንድ ሪጅናሎች አውስትራሊያውያንን አምጥተዋል፤ ለእነሱ የተለየ የሥራ ቪዛ ስላለ ነው። ለእኛ ያ የለም። አብዛኛው ቀጣሪ የሚፈልገው አስቀድሞ የመሥራት ፈቃድ ያለውን ነው። ዲቪ የደረሰው ወይም በትዳር ግሪን ካርድ ያገኘ ፓይለት ከመጣ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ የውጭ ሰዓቱ ለ1,500ው ይቆጠርለታል። የአሜሪካውን ላይሰንስ ግን ተፈትኖ መውሰድ አለበት። ሌላው የሚያስደነግጣቸው ነገር፣ ለካፒቴንነት የሚጠየቀው 1,000 ሰዓት በአሜሪካ ሕግ ሥር በሚበር አየር መንገድ ላይ የተበረረ መሆኑ ነው። ስለዚህ አገር ቤት በቦይንግ ካፒቴን የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ በቀኝ ወንበር፣ በትንሽ ጄት፣ ከ26 ዓመት ልጅ ጎን ይጀምራል። አንድ እንደዚህ ያለ ሰው አብሮኝ በሯል። እኔ ካፒቴን፣ እሳቸው ረዳት። "አንቱ" እያልኩ ነበር ቼክሊስት የማነብላቸው። በመጨረሻ "ልጄ፣ በሬዲዮ ሰው እንዳይሰማህ" ብለው አሳቁኝ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። በ2023 መጀመሪያ ላይ አንዲት አስተማሪ መለመልኩ፤ 1,100 ሰዓት ነበራት። "ሰዓትሽ በሞላ በሁለት ወር ክላስ ትገቢያለሽ" አልኳት። ያኔ እውነት ነበር። በ2024 ትልልቆቹ ቅጥር ቀነሱ። ቦይንግ አውሮፕላን በወቅቱ አላስረከባቸውም፤ ሌላም ሌላም ምክንያት ነበር። እነሱ ካልቀጠሩ የእኛ ካፒቴኖች አይወጡም። ካልወጡ ደግሞ ከታች ቦታ አይከፈትም። በሁለት ዓመት ውስጥ "ኑልን፣ ኑልን" ከሚል ወደ "እንደውልላችኋለን" ተዞረ። የልጅቷ ክላስ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። የአፓርትማ ኮንትራቷን አፍርሳ ነበር። ደውላ አልወቀሰችኝም። "ካፒቴን፣ የሰማኸው ነገር አለ?" ብቻ ነበር የምትለው። ቢሮውን ወክዬ መናገር አቆምኩ። መልማይ የሚነግራችሁ የዛሬውን ነው፤ እናንተ የምትበደሩት ግን ለአሥር ዓመት ነው።

እሷ በመጨረሻ ገባች፤ ከዓመት በላይ ጠብቃ። እስከዚያው ማስተማሯን አላቆመችም፤ ያ ነው ያዳናት። የቅጥር ደብዳቤ ይዘው ማስተማር ያቆሙ ነበሩ፤ የቅርብ ጊዜ የበረራ ሰዓት ሲጠየቁ አጡ።

እኔም ልለቅ ነበር። በ2023 አንድ ትልቅ አየር መንገድ ኢንተርቪው ጠራኝ፤ አለፍኩ። የክላስ ቀን ተሰጠኝ። ባለቤቴና እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እዚያ ሄጄ መጨረሻ ተራ ላይ፣ ምናልባት ሌላ የአገሪቱ ጫፍ ላይ ሪዘርቭ። እዚህ ደግሞ ዋሽንግተን፣ ቤቴ፣ ደህና ተራ። ሁለተኛ ልጃችን ልትወለድ ሦስት ወር ቀርቷት ነበር። ቀረሁ። በገንዘብ ካያችሁት ተሳስቻለሁ፤ በጡረታ ዘመኔ ምናልባት ይቆጨኝ ይሆናል። ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል፤ ደመወዛቸውን ሲነግሩኝ ወሬ እቀይራለሁ።

የበዓል ነገር ደግሞ የእኛን ሰው የሚጠቅም ነው። ጀማሪ ፓይለት ዲሴምበር 25ን ቤቱ አይውልም፤ እርሙን ያውጣ። እኔ ግን ጉዳዬ አይደለም። የእኔ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ያን ቀን ማንም አይሻማኝም። ስንት ዓመት የፈረንጆቹን ገና ሠርቼ የእኛን አርፌያለሁ። ባልደረቦቼ እንደ ቅዱስ ነው የሚያዩኝ። ፋሲካም ብዙ ጊዜ ይለያያል። በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን፣ ኤፕሪል 20 ላይ ዋሉና ጉዴ ፈላ። ዶሮውን በፎቶ ነው የበላሁት።

መልማይ ፊት ስትቀመጡ ምን ትጠይቁ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ባለፈው ወር ስንት ካፒቴን እንደለቀቀ እጠይቃለሁ። መልማዩ ዓይኑን ከሰበረ መልሱ ያ ነው። ከዚያ የመጨረሻው ክላስ የት የት ከተማ እንደተመደበ። ማስታወቂያው ላይ ስድስት ቤዝ ይዘረዘራል፤ አዲስ ሰው የሚላከው ግን አንዱ ወይም ሁለቱ ጋ ነው። ከሪዘርቭ ለመውጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ በተስፋ ሳይሆን ባለፈው ዓመት የገቡት ስንት ወር እንደፈጀባቸው። ወደ ትልቁ አየር መንገድ "ቀጥታ ያልፋል" ከተባለ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንዳለፈና መጀመሪያ ያለፈው ስንት ዓመት እንደጠበቀ። ትልቁ ቅጥር ሲያቆም መስመሩም አብሮ ይቆማል። ስለ ቦነሱ ደግሞ ሲሙሌተር ብወድቅስ፣ ብታመምስ፣ ድርጅቱ ራሱ ቢዘጋስ የሚለውን በጽሑፍ አምጣ በሉት። መልሱን ከአንድ ረዳት አብራሪ ጋር አስተያዩት። ኤርፖርት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስታዩ አትፈሩ፤ "ድርጅትህ እንዴት ነው?" ካላችሁት ያለማቆም ነው የሚያወራው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ካልኩት በኋላ ዝም አለ። "እና ይቅርብኝ ነው የምትለኝ?" አለኝ።

ይቅርብህ አላልኩትም። ዛሬ ቢጀምር ለመቀጠር የሚበቃው ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ገበያው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም። መጋዘኑን አትልቀቅ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀምር አልኩት። ከሁሉ በፊት ግን የፓይለቶችን የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ ወረቀት አውጣ፤ ጥቂት መቶ ዶላር ቢሆን ነው። ዓይንህ ወይም ልብህ ችግር ካለው ዛሬ እወቀው፤ መቶ ሺህ ዶላር ከተበደርክ በኋላ አይደለም። ልጅ ሆኖ አስም ነበረበት፤ አስታወስኩት። መድኃኒቱን ስንት ዓመት እንዳልወሰደ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ እናቱን ይጠይቅ ብዬዋለሁ።

ትናንት ማታ መልእክት ላከ። እናቱ ወረቀቱን ከሻንጣ ስር አግኝተውታል። ማክሰኞ ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዟል።